ለመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ሌዘር፦ ስንት ጁል፣ የት ላይ፣ ለማን?

ፊዚዮ_እንጦጦ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አነስተኛ ኃይል ሌዘር (ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለሙያዎች ፎቶባዮሞዱሌሽን የሚሉት) እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚጠየቀውን አንድ ቦታ ብንሰበስበው ጥሩ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ «ሌዘር ለመንጋጋ ይሠራል ወይ?» ሆኖ ይመጣል። እንደዚያ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ለየትኛው ሕመም? በየትኛው የሞገድ ርዝመት? በአንድ ነጥብ ስንት ጁል (የሚሰጠው የብርሃን ጉልበት መለኪያ)? ይህ ሳይነገር አንዱ «ተአምር ነው» ይላል፣ ሌላው «ዝም ብሎ መብራት ነው» ይላል፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

ቦታውን ከማግኘት ልጀምር፣ አብዛኛው ስህተት እዚያ ላይ ነውና። የጆሮን ቀዳዳ ከፊት በኩል የምትከልል ትንሽ ልም አጥንት አለች። ከእሷ እስከ ዓይን ጥግ መስመር አስቡ፤ በመስመሩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ሄዳችሁ ሌባ ጣታችሁን አሳርፉ። ታካሚው ቀስ ብሎ አፉን ሲከፍት ከጣታችሁ ሥር አንድ ድቡልቡል ነገር ወደፊት ሸርተት ይልና በቦታው ጎድጓዳ ይተዋል። የተንሸራተተው የመንጋጋው አጥንት ራስ ነው። ሸርተቴው ካልተሰማችሁ ወይ ጣታችሁ ወደ ጉንጭ አጥንቱ ወጥቷል፣ ወይ ወደታች ወርዶ ጡንቻው ላይ ነው። ሳታገኙት ሌዘሩን አታብሩ።

ለአንድ መገጣጠሚያ 4 ነጥብ ይበቃል። ሦስቱ አፍ ተዘግቶ፣ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካካ ነው፦ ከአጥንቱ ራስ በላይ፣ ከፊቱና ከሥሩ። አራተኛው ከኋላ ነው። ከዲስኩ (በመገጣጠሚያው አጥንቶች መካከል ካለው ትራስ) ጀርባ ነርቭና ደም ሥር የበዛበት ሥጋ ያለው እዚያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሲነካ የሚያመው እሱ ነው። አፍ በግማሽ ካልተከፈተ ግን አጥንቱ ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ታካሚው በራሱ ጉልበት አፉን ከፍቶ እንዲቆይ አትጠይቁት፤ ጡንቻው ይዝልና ከመጣበት ብሶበት ይሄዳል። ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ጠቅልላችሁ በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል አስገቡለት፤ ሳይነክሰው ጥርሱን ብቻ ያሳርፍበት።

መጠኑ፦ 808 ወይም 810 ናኖሜትር፣ 100 ሚሊዋት፣ በነጥብ 40 ሰከንድ። 0.1 ዋት በ40 ሰከንድ ሲባዛ 4 ጁል ነው። አንድ ጎን 16 ጁል፣ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወስዳል። ዋልት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበር ለ780–860 ናኖሜትር በነጥብ ከ4 ጁል እንዳያንስ ይመክራል። የሕክምናው ቀናትም በየቀኑ ለ2 ሳምንት፣ ወይም ቀን እየዘለሉ ለ3–4 ሳምንት ናቸው። ብግነቱ ሲበርድ መጠኑን በ30 በመቶ ቀንሱ ይላል።

ሕመሙ የጡንቻ ከሆነ ነጥቦቹ ሌላ ናቸው። ጥርስ ሲነከስ ጉንጭ ላይ ጠንከር ብሎ የሚነሳው ማሴተር ይባላል፤ 3 ነጥብ ስጡት፦ ከጉንጭ አጥንቱ ሥር፣ መካከሉ ላይ፣ ወደ መንጋጋው ማዕዘን። በራስ ቅል ጎን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ቴምፖራሊስ ደግሞ 2 ወይም 3 ነጥብ ይበቃዋል። በሁሉም ነጥብ የሌዘሩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆዳውን ይጫን። ቆዳ ሲጫን ነጣ ይላል፤ ብርሃን የሚመጥጠው ደም ከሥሩ ሸሸ ማለት ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ጠልቆ ይገባል። ከቆዳው በአንድ ጣት ውፍረት ብቻ ርቃችሁ ብትይዙት እንኳ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊሉም ቆዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳል።

---

ባዮሜዲካል_220

ስለ ነጥቦቹ የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ከመሣሪያው በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ካርድ ላይ «4 ጁል» ተጽፎ ለታካሚው 1 ጁል እንኳ ሳይደርሰው የሚቀርበት ብዙ መንገድ አለ።

አንደኛው ፐልስ ነው፤ ብርሃኑ ሳይቋረጥ ሳይሆን እየበራ እየጠፋ ሲወጣ ማለት ነው። መሣሪያው 100 ሚሊዋት ነው፤ ግን 50 በመቶ ፐልስ ላይ ከተደረገ በአማካይ የሚወጣው 50 ሚሊዋት ነው። በ40 ሰከንድ የተሰጠው 2 ጁል ብቻ ሆነ። 4 ለማድረስ 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ የማያስተካክልም አለ። መመሪያውን አንብቡ።

904 ናኖሜትር ላይ ደግሞ ይብሳል። እዚህ መሣሪያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የአንዷ ፐልስ ከፍታ ነው። «25 ዋት» የሚል ታያላችሁ። ፐልሷ ግን 200 ናኖሰከንድ ብቻ ናት። በሰከንድ 5,000 ጊዜ ብትተኩስ፦ 25 ሲባዛ በ0.0000002 ሲባዛ በ5,000 እኩል 0.025 ዋት። ማለትም 25 ሚሊዋት። 2 ጁል ለመስጠት 80 ሰከንድ። አሁን «ለሕመም ይሻላል» ብሎ አንድ ሰው ድግግሞሹን ወደ 1,000 ቢያወርደው አማካዩ 5 ሚሊዋት ይሆናል፤ ለዚያው 2 ጁል 400 ሰከንድ ሊያስፈልግ ነው። ቁልፏን ያዞረው ሰው መጠኑን በአምስት እንዳካፈለው አያውቅም። (ለ904 በነጥብ የሚመከረው ጁል ለ808 ከሚመከረው ያነሰ መሆኑንም አትርሱ፤ የዋልት ሠንጠረዥ ለእሱ የተለየ ነው።)

ሁለተኛው የመሣሪያው እርጅናና ቆሻሻ ነው። ዳዮድ (ብርሃኑን የሚያመነጨው ክፍል) እያረጀ ሲሄድ የሚያወጣው ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ግን የሚያሳየው የተሞላለትን ቁጥር ነው። በየ6 ወሩ በሌዘር ኃይል መለኪያ ይለካ፤ ከተጻፈው በ20 በመቶ ካነሰ ወይ ይጠገን ወይ ሰዓቱ ይስተካከል። ጫፉ ላይ ያለውን መስታወት በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በረኪና አታስነኩት፤ ያደበዝዘዋል። ለንጽሕና ጫፉን በስስ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ መሸፈን ይቻላል፤ አንድ ድርብ ብቻ፣ ሳይሸበሸብ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ።

ኢንፍራሬድ በዓይን ስለማይታይ «ይሠራል አይሠራም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሌዘር መከላከያ መነጽር አድርጋችሁ፣ ሌዘሩን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፋችሁ፣ ወረቀቱን በስልክ ካሜራ ተመልከቱ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ወይን ጠጅ የምትመስል ነጥብ ትታያለች። ይህ መብራቱን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። ካሜራውን በቀጥታ ወደ ጨረሩ አታዙሩ።

ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል መኖሩን ሳታዩ ሶኬት ላይ አትሰኩት። 110 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ግድ ነው። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈርም ስታቢላይዘር ይኑረው።

---

መንጋጋ_ሐኪም

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ትክክል ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ወደ ኋላ ሆነብኝ። ከጁሉ በፊት ምርመራ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርት ሕመሙን ለያይቶ ያስቀምጣል፦ የጡንቻ ሕመም፣ የመገጣጠሚያው የራሱ ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተት (አፍ ሲከፈት የሚመለስና የማይመለስ)፣ የመገጣጠሚያ መበላት። ሌዘር ሊጠቅም ይችላል የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው፤ ማለትም ለሕመም። የወጣ ዲስክ በብርሃን ወደ ቦታው አይመለስም። የተበላ አጥንትም አይሞላም። «ቋ» የሚል ድምፅ ብቻ ኖሮት የማያመው፣ አፉም በደንብ የሚከፈት ሰው ሕክምና አያስፈልገውም፤ ማስረዳትና ማረጋጋት ይበቃዋል። ለድምፁ ብሎ ሌዘር የሚያስከፍል ክሊኒክ ተገቢ ሥራ እየሠራ አይደለም።

ሌዘር ሳይነካው ወደ ሐኪም መሄድ ያለበትን ልዘርዝር፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

አፍ ከፍቶ መዝጋት ያቃተው ሰው መንጋጋው ወልቋል፤ የሚመለሰው በእጅ ነው፣ ያውም በሠለጠነ ሰው። አፉ አልከፈት ያለው ደግሞ፣ በተለይ በቅርብ ቁስል የነበረው፣ አንገቱና ሆዱ የሚጠነክርበት፣ መዋጥ የሚያስቸግረው ከሆነ መንጋጋ ቆልፍን አስቡ። ስሙ እንደሚለው ከመንጋጋ ይጀምራል፤ ሰዓት የሚሰጥ በሽታ አይደለም። ትኩሳትና እብጠት ካለ የጥርስ መግል ይፈለግ፤ የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ስትበቅል የምታመጣው ብግነትም አፍ ይቆልፋል። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ አዲስ የራስ ጎን ሕመም የጀመረው፣ ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝልበት፣ ዕይታው ብዥ የሚልበት ሰው የጭንቅላት ደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ደሙ ይታይ፤ ከዘገየ ዓይን ይጠፋል። ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል። ፊት ሲታጠቡ ወይም ጥርስ ሲፋቅ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ የነርቭ ነው። የፊት መደንዘዝ ወይም ቀስ በቀስ የሚያድግ እብጠት ካለ ደግሞ ምስል ሳይነሳ ምንም አይደረግ። ዕጢ ባለበት ቦታ ላይ ሌዘር አይበራም።

---

ቆዳና_ብርሃን

ዶክተር፣ እናመሰግናለን፤ ይህን ከላይ ብናሰቅለው ደስ ይለኛል። የዓይንና የቆዳ ጉዳይ ስላልተነሳ ልጨምር።

መንጋጋ ላይ የሚሠራ ሌዘር ከዓይን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው የሚርቀው። 3ቢ የሚባለው የሌዘር አደጋ ምድብ ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ምድብ 4 ይባላል። ኢንፍራሬድ ስለማይታይ ዓይን ራሱን አይጨፍንም፣ ሬቲናም አያምም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ መነጽር ያደርጋል፦ ባለሙያውም፣ ታካሚውም፣ አብሮ የመጣውም። መነጽሩ ላይ የሞገድ ርዝመትና «ኦዲ» የሚል ቁጥር ታትሞ መገኘት አለበት። ኦዲ 4 ማለት ብርሃኑን 10,000 ጊዜ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ግን በተጻፈው የሞገድ ርዝመት ላይ ብቻ። ለ650 የተሠራ መነጽር ለ808 መስኮት እንደመክፈት ነው። የጥርስ ሐኪም መስታወት፣ ጉትቻ፣ ግድግዳ ላይ ያለ መስታወት ጨረሩን ያነጥራሉ። ጉትቻና ሰንሰለት ይውለቁ።

ቆዳን በተመለከተ፦ ብዙዎቹ መመሪያዎች የቆዳን ቀለም ከግምት አላስገቡም። ሜላኒን ብርሃን ይመጥጣል፤ 660 ላይ ብዙ፣ 904ና 1064 ላይ ያነሰ። በ100 ሚሊዋት፣ የጨረሩ ስፋት ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን ምንም አይሰማም። ያው 100 ሚሊዋት በ0.03 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጫፍ ሲወጣ ግን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ3 ዋት በላይ ይሆናል፤ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ መውጋት ይጀምራል። መፍትሔው ዋቱን ቀንሶ ሰዓቱን ማርዘም ነው፤ ጁሉ እንዳለ ይቆያል። «ከሞቀህ ንገረኝ» አትበሉ፤ «መውጋት ሲጀምር እጅህን አንሳ» በሉ፣ ታካሚ አፉ ውስጥ ጋዝ ይዞ መናገር አይችልምና።

ንቅሳት ላይ በጭራሽ። በአገጭና በአንገት ላይ የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ሁሉ ስለሚወስድ ቆዳው ይቃጠላል። አንዳንዴ ንቅሳቱ ወደ መንጋጋው ማዕዘን ይዘልቃል፤ ያኔ የማሴተርን ታችኛ ነጥብ ተዉት።

ቴምፖራሊስ ላይ ጸጉር ዋናው እንቅፋት ነው። ሹሩባ ከሆነ እንዲያውም ይመቻል፦ በሁለት ጉንጉን መካከል ያለችው መስመር ባዶ ቆዳ ናት፤ ጫፉን እዚያ ላይ አሳርፉ። ቅቤ የተቀባ ጸጉር ከሆነ መስመሯን በአልኮል ጥረጉ፤ አለበለዚያ ቅቤው መስታወቱ ላይ ይለጠፍና የሚቀጥሉት ታካሚዎች ሁሉ በቅባት ውስጥ ያለፈ ብርሃን ይወስዳሉ። ፊት ላይ ያለ ቫዝሊን፣ ሜካፕና የፀሐይ መከላከያም ይታጠብ።

መድኃኒትም ጠይቁ። ዶክሲሳይክሊን በዋናነት ለአልትራቫዮሌት ነው ቆዳን የሚያስቆጣው፣ ለ808 አይደለም፤ ሆኖም ይመዝገብ። ለብርሃን ሕክምና ተብሎ የተሰጠ ፖርፊሪን የወሰደ ሰው ግን ምንም ሌዘር አይቀርበው።

---

ማስረጃ_ይቅደም

ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንባቢ ሌዘር የተረጋገጠ ሕክምና ነው ብሎ እንዳይወጣ እሰጋለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ላይ የወጣው ለሥር የሰደደ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም የተዘጋጀ መመሪያ አነስተኛ ኃይል ሌዘርን «ባይሰጥ ይሻላል» ከሚላቸው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። የሌሊት የጥርስ ሽፋን፣ ቦቶክስ፣ ጋባፔንቲን፣ መገጣጠሚያን በመርፌ ማጠብም እዚያው ተርታ ናቸው። በጠንካራ ድጋፍ የተመከሩት እነዚህ ናቸው፦ በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ ልምምድና ማፍታታት፣ መንጋጋን በባለሙያ እጅ ማንቀሳቀስ፣ የጡንቻ ቋጠሮን በእጅ መፍታት፣ የአቀማመጥ ልምምድ፣ የአስተሳሰብና ባሕርይ ሕክምና፣ ለታካሚው ሁኔታውን ማስረዳት። አብዛኞቹ መሣሪያ አይፈልጉም።

ጥናቶቹ ለምን አይስማሙም? አንዱ 660 ይጠቀማል፣ ሌላው 830። አንዱ በነጥብ 1 ጁል፣ ሌላው 10። ብዙዎቹ ደግሞ የሚጽፉት በካሬ ሴንቲ ሜትር ያለውን ጁል ብቻ ነው። 4 ጁል በ0.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጫፍ ሲሰጥ 40 ተብሎ ይጻፋል፤ በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጫፍ ሲሰጥ 4 ይባላል። ለታካሚው የደረሰው አንድ ነው፣ ወረቀት ላይ አሥር እጥፍ ይለያያል። የጫፉ ስፋት ካልተጻፈ ጥናቱን መድገም አይቻልም። በዚያ ላይ የመንጋጋ ሕመም በራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ሰው ሐኪም ጋ የሚመጣው ሲብስበት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ምንም ነገርም ሊሻለው ይችላል።

---

ፊዚዮ_እንጦጦ

@ማስረጃ_ይቅደም እውነት ነው፤ መመሪያው ያለውን አልክድም። ሁለት ነገር ግን ልበል። መመሪያው የሚናገረው ሥር ስለሰደደ ሕመም ነው፣ 3 ወርና ከዚያ በላይ ስለቆየ፤ ምክሩም «ባይሰጥ ይሻላል» እንጂ «ክልክል ነው» አይደለም። ሁለተኛ፣ ሌዘር ብቻውን መሰጠት እንደሌለበት እስማማለሁ። ቦታ ካለው ቦታው ይኼ ነው፦ ከማስታገሻ ኪኒን መራቅ ያለበት፣ ለምሳሌ ጨጓራው ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ ሕመሙ ልምምድ እንዳይሠራ ከከለከለው፣ ሌዘሩ ትንሽ ፋታ ከሰጠው በዚያች ፋታ ልምምዱን ይጀምር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሌዘር፣ ወዲያው እዚያው አልጋ ላይ ልምምድ፣ ከዚያ የቤት ሥራ ነው። ሌዘር ሰጥቶ ታካሚን ወደ ቤት መላክ ግማሽ ሥራ እንኳ አይደለም።

ልምምዱ፦ ከንፈር ይገጥማል፣ ጥርስ አይነካካም፣ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ ያርፋል። መንጋጋ የሚያርፍበት ይህ ነው። ምላስ ከላንቃ ሳይላቀቅ አፍን መክፈትና መዝጋት፣ 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ጊዜ። ምላሱ ላንቃ ላይ እስካለ ድረስ የመንጋጋው ራስ ሩቅ ሊንሸራተት አይችልም፤ ለዚህ ነው «ቋ» ሳይል የሚከፈተው። መስታወት ፊት ይሥሩት፤ አገጩ ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ወደ መካከል እስኪመለስ ይቀንሱት።

ምግብ ላይም ግልጽ እንሁን። ለ2–3 ሳምንት ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ማስቲካ ይቅር። ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚት ይመቻል። ትልቅ ጉርሻም አፍን ከልክ በላይ ያስከፍታል፤ ያጎረሰውን ላለማስቀየም ተብሎ መገጣጠሚያው አይጎዳ፣ ጉርሻው ይነስ። ጫት ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ለሰዓታት ሲታኘክና በአንድ ጉንጭ ሲያዝ ጡንቻውና መገጣጠሚያው እረፍት አያገኙም። ከሰዓት በኋላ ጫት እየቃሙ ጠዋት ጠዋት ሌዘር መውሰድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ይህን ለታካሚው በአክብሮት፣ ግን ሳያድበሰብሱ መንገር ያስፈልጋል።

---

ጥርስ_ባሕርዳር

ክሊኒክ ውስጥ ለድድ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግል 980 ናኖሜትር ዳዮድ አለ፤ እስከ 3 ዋት ይወጣል። ለመንጋጋ ሌላ መሣሪያ ከመግዛት በዚሁ መሥራት አይቻልም? መጠኑ እንዴት ይሰላል?

---

ባዮሜዲካል_220

@ጥርስ_ባሕርዳር ይቻላል፣ ግን በቀዶ ሕክምናው ጫፍ በፍጹም አይሞከር። ብርሃኑ የሚወጣበት የመስታወት ክር ዲያሜትሩ 400 ማይክሮሜትር ነው። ስፋቱ 0.00126 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ዋት ብቻ ቢለቀቅበት እንኳ በካሬ ሴንቲ ሜትር 400 ዋት ገደማ ነው፤ ድድ የሚቆርጠው በዚህ ነው፣ ቆዳም ይቆርጣል። ከአምራቹ የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ እጀታ አለ፤ ጨረሩን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር የሚያሰፋ። በእሱ ስፋቱ 0.785 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ግማሽ ዋት ሲለቀቅ 0.64 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 8 ሰከንድ 4 ጁል ይሰጣል።

ሁለት ጥንቃቄ። 980ን ውሃ ከ808 ይበልጥ ይመጥጠዋል፤ ስለዚህ ሙቀት ቶሎ ይሰማል። ሙቀቱ ደስ ስለሚል ሕክምናው የሠራ ይመስላል፤ ያ ሙቅ ፎጣም የሚሰጠው ስሜት ነው። ደግሞ 500 ሚሊዋት የ3ቢ ጣሪያ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ምድብ 4 ስለሆነ በሩ ላይ ምልክት፣ ትክክለኛ መነጽርና እግር መርገጫው በድንገት እንዳይረገጥ መሸፈኛ ያስፈልጋል። እጀታውን ከገዙ በኋላ በመለኪያ ያረጋግጡ፤ ሌንሱ ራሱ ጥቂት ያስቀራል። አገር ውስጥ ሲገባም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ።

---

ቨርጂኒያ_ጥርስ_ንጽሕና

እዚህ አሜሪካ ያሉ ወገኖች በኢንተርኔት የሚሸጡ ቀይ መብራቶችን ለመንጋጋ እየገዙ ነውና ስለ እሱ። «ኤፍዲኤ ፈቅዶታል» (ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው) የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው መሣሪያው ለጊዜያዊ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ፣ እንደ ማሞቂያ መብራት፣ ለገበያ እንዲቀርብ መፈቀዱን ነው። የመንጋጋን በሽታ ያድናል ብሎ የመሰከረ የለም። ኤልኢዲ ሌዘር ስላልሆነ ብቻ አይናቅም፤ ሴሎች የሚመጥጡት ብርሃኑን ነው። ችግሩ መጠኑ ነው፦ ከ630–660 ያለው ቀይ ብርሃን አብዛኛው ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ሻጩም በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊዋት እንደሚወጣ ካልጻፈ ሰዓቱን ማስላት አይቻልም። በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚቀመጥ የፊት መብራት መገጣጠሚያው ጋ የሚያደርሰው ትንሽ ነው። «5 ሚሊዋት» ተብሎ የተለጠፈባቸው ርካሽ እስክሪብቶ ሌዘሮች ደግሞ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ለፊት አይሆኑም።

---

አበበች_ፊዚዮ

አንድ ነገር ልጠይቅ። መጠኑን ስናበዛ ውጤቱ ቶሎ ይመጣል የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። በነጥብ 4 ከረዳ 12 ለምን አይሰጥም?

---

ቆዳና_ብርሃን

@አበበች_ፊዚዮ እህቴ፣ ይህ ብርሃን ስለበዛ ይበልጥ የሚሠራ አይደለም። ብርሃኑ የሚሠራው ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ በሚባለው ኢንዛይም ላይ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሴሉ ተጨማሪ ጉልበት ያመርታል፣ የብግነት መልእክቶች ይቀንሳሉ። መጠኑ ሲያንስ ምንም አይሆንም፣ ሲመጣጠን ይረዳል፣ ሲበዛ የተገኘው ጥቅም ይጠፋል፣ አልፎም ሴሉን ይገታል። ዋልትም ከሠንጠረዡ 50 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ያለውን ነው እንደ መስኮት የሚወስደው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሕመሙ ለ24 ሰዓት ያህል ትንሽ ከጨመረ በግማሽ ቀንሱ እንጂ «ገና አልሠራም» ብላችሁ አትጨምሩ።

---

መንጋጋ_ሐኪም

መለኪያ ሳይኖር የምናወራው ሁሉ ግምት ስለሆነ አመዘጋገቡን ልጻፍ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሦስት ቁጥር፦ ያለ ሕመም የሚከፈተው፣ ሕመም ቢኖርም በራሱ የሚከፍተው፣ በሐኪም ጣት ሲታገዝ የሚደርሰው። በሚሊ ሜትር ማስመሪያ፣ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው፤ የላይኛው ጥርስ ታችኛውን የሚሸፍነውን ያህል ይደመርበት። 40 ሚሊ ሜትር ካልሞላ መከፈቱ ውስን ነው። ከ0 እስከ 10 የሕመም ቁጥር፣ በዕረፍትና ሲያኝክ ለየብቻ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ጠዋት ይብስበታል። የ2 ሚሊ ሜትር ለውጥ የማስመሪያው ስህተት ነው፣ ለታካሚ እንደ ድል አትንገሩት።

በራሱ 28 የሚከፍት ሰው በጣት ሲታገዝ 40 ከደረሰ የከለከለው ጡንቻ ነው። ሲታገዝም 30 ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ፣ አገጩም ወደታመመው ጎን ከታጠፈ፣ ዲስኩ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው፤ ለእሱ ሌዘር ላይ ሳምንታት አታባክኑ።

ካርዱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ የሞገድ ርዝመት፣ አማካይ ሚሊዋት፣ የጫፉ ስፋት፣ ሰከንድ፣ ነጥቦቹ በሥዕል፣ ጠቅላላ ጁል። ከ6 ጊዜ በኋላ የሕመም ቁጥሩ ካልወረደ ይቁም፣ ምርመራው እንደገና ይታይ። «12 ጨርስ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል ይህን ውሳኔ ያበላሻል።

---

ጥርስ_ባሕርዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጀታውን እጠይቃለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ በመኪና አደጋ መንጋጋው ተሰብሮ በብረት የታሰረ ታካሚ ላይ ይቻላል? ሌላ ቦታ «ብረት ያለበት አይነካም» ተብሏል።

---

ፊዚዮ_እንጦጦ

@ጥርስ_ባሕርዳር ያ ክልከላ የሾርትዌቭ ዲያተርሚ (በሬዲዮ ሞገድ የሚያሞቅ ሕክምና) ነው፤ እሱ ብረትን ያሞቃል። በ100 ሚሊዋት ያለ ሌዘር ስብራቱን ባሰረው ቲታንየም ሳህን (ስስ ብረት) ላይ የሚደርሰው ብርሃን ሊያሞቀው አይችልም፣ ስለዚህ ሳህኑ አይከለክልም። አፍ ውስጥ ያለ የጥርስ ማሰሪያ ሽቦም እንደዚያው፤ ጨረሩ ከውጭ በኩል ስለሆነ አይነካውም። የሚከለክለው ሌላ ነው፦ ስብራቱ መግጠሙ በራጅ ሳይረጋገጥ የመንጋጋ ልምምድ አይጀመርም፤ ልምምድ ካልተጀመረ ደግሞ ሌዘሩን ለብቻው መስጠት አያስፈልግም። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም «አፉን መክፈት ይችላል» ብሎ ይጻፍላችሁ።